በስሙ የተጠራው ሕግ

ዕለቱ ዓርብ ነው፤ ጃንዋሪ 20 ቀን 1843። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር እዚህ የተጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ አንድ ጨዋ ሰው ለንደን፣ ቻሪንግ ክሮስ ከሚገኘው የዘመዶቻቸው ባንክ ወጥተው ወደ ዳውኒንግ ስትሪት በእግራቸው እያዘገሙ ነበር። ከኋላቸው የመጣ ወጣት ሽጉጡን ጀርባቸው ድረስ አስጠግቶ ተኮሰ። ተኩሶም አልሮጠም። የተኮሰበትን መልሶ ሌላ የጎረሰ ሽጉጥ ከጉያው መዘዘ። ይህን ጊዜ ጄምስ ሲልቨር የሚባል ፖሊስ ደርሶ ተናነቀው፤ በግብግቡ መሀል ሁለተኛው ጥይት ባክኖ ቀረ።

የተመቱት ሰው ኤድዋርድ ድራመንድ ይባላሉ። የጠቅላይ ሚኒስትሩ የሰር ሮበርት ፒል የግል ጸሐፊ ናቸው፤ ከፒል በፊት ለነበሩ ጠቅላይ ሚኒስትሮችም በዚሁ ሥራ አገልግለዋል። ጠላት ይኖራቸዋል ተብሎ የማይጠረጠሩ የቢሮ ሰው ነበሩ። ቆስለውም በእግራቸው ወደ ባንኩ ተመለሱ። ሐኪሞች ጥይቱን አወጡ፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናትም ይድናሉ የሚል ተስፋ ነበር። እንደ ዘመኑ የሕክምና ወግ ደማቸውን ደጋግመው ቀዱ፤ አልቅትም አጣበቁባቸው። በአምስተኛው ቀን አረፉ።

ተኳሹ ማን ነው? ሲፈተሽ ኪሱ ውስጥ ከተገኙት ነገሮች አንዱ በስሙ የተጻፈ የባንክ ተቀማጭ ደረሰኝ ነበር፤ 750 ፓውንድ። ለዚያ ዘመን ባለሙያ ሠራተኛ የብዙ ዓመት ደመወዝ ነው። ስሙ ዳንኤል ማክናተን፣ አገሩ ስኮትላንድ፣ ከተማው ግላስጎው፣ ሙያው ደግሞ እንጨት በቶርኖ መቅረጽ። አልሰከረም። የድራመንድን ኪስም አልነካም። እንደሚባለው ጨርቁን የጣለ ሰው ቢሆን ነገሩ ቶሎ በገባቸው ነበር፤ ይህ ግን ልብሱ ንጹሕ፣ አነጋገሩ ረጋ ያለ ነው።

በጣቢያው ኢንስፔክተር ጆን ቲየርኒ ወደ እስር ክፍሉ እየተመላለሱ ያጫውቱት ጀመር። ስለ ግላስጎውና ስለ ጉዞ አወሩ። በጨዋታ መሀል ድራመንድ የሚለው የስኮትላንድ ስም እንደሆነ ጠየቁት። ማክናተን ቅንጣት ሳይደናገር፣ የፐርዝ መሳፍንት ቤተሰብ ስም መሆኑን፣ ማዕረጉ ግን መጥፋቱን ነገራቸው። ታሪክ የሚያውቅ ሰው መልስ ነው። ስሙ ጥይት ከተኮሰበት ሰው ጋር የሚያገናኘው ነገር መኖሩ ግን የታየው አይመስልም። በማግስቱ ጠዋት ቲየርኒ፣ የተኮስክበት ሰው ማን እንደሆነ ታውቃለህ መቼም፣ አሉት።

«ሰር ሮበርት ፒል ነው አይደል?» አለ።

በዚህች መልስ ጉዳዩ ከመንገድ ላይ ጥቃት ወደ ጠቅላይ ሚኒስትር ግድያ ሙከራ ተሻገረ። ጋዜጣ ገና ፎቶግራፍ በማያወጣበት ዘመን የመሪን መልክ በትክክል የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ቤት ዘወትር የሚወጣና የሚገባ ጨዋ ሰው ጠቅላይ ሚኒስትሩን ቢመስል አይገርምም። ማክናተን ከዚያ ቀን በፊት ለቀናት በመንግሥት ቢሮዎች አካባቢ ሲያንዣብብ የታየ መሆኑም ቆይቶ ተመሰከረ። ምን ትሠራለህ ብለው የጠየቁትም ነበሩ፤ ሰው እየጠበቅሁ ነው ይላቸዋል።

ጊዜው ደግሞ ለጥርጣሬ የተመቸ ነበር። ያለፈው ዓመት፣ 1842፣ በእንግሊዝ የሥራ ማቆም አድማና ለሠራተኛው የመምረጥ መብት የሚታገሉት የቻርቲስቶች እንቅስቃሴ የተጋጋለበት፣ ዳቦ የተወደደበት ነው። የእህል ቀረጥ ተቃዋሚዎች መሪ ሪቻርድ ኮብደን በፌብሩዋሪ ወር ፓርላማ ውስጥ ለአገሪቱ ችግር ጠቅላይ ሚኒስትሩ በግል ተጠያቂ ናቸው ብለው ቢናገሩ፣ ጸሐፊያቸውን ገና የቀበሩት ፒል በድንጋጤ ተነስተው ንግግሩን ለነፍሴ ማስፈራሪያ ነው አሉት። እንዲህ ባለ ሰሞን የፖለቲካ ገዳይ መፈለግ አያስቸግርም፤ ገዳዩ ደግሞ በእጃቸው ነው።

ማክናተን በተያዘ ማግስት ቦው ስትሪት ፍርድ ቤት ቀርቦ የምትለው ካለ ተብሎ ሲጠየቅ ለመንግሥት የሚመች የሚመስል ቃል ሰጠ። ይህን እንዳደርግ ያስገደዱኝ በትውልድ ከተማዬ ያሉ ቶሪዎች ናቸው፣ አለ። ቶሪ የፒል ፓርቲ ነው። ቃሉ ግን በዚያ አላበቃም። በሄድኩበት ሁሉ ይከተሉኛል፤ ፈረንሳይ ድረስ ተከተሉኝ፤ ሌሊትና ቀን ዕረፍት ነሱኝ፤ እንቅልፍ አጣሁ፤ ለሳንባ ነቀርሳ ዳረጉኝ፤ ባልሠራሁት ወንጀል ይከሱኛል፤ ሊገድሉኝ ይፈልጋሉ። ይህ ሁሉ በማስረጃ ሊረጋገጥ ይችላል፤ የምለው ይኸው ነው አለና ዝም አለ።

በማስረጃ ይረጋገጣል ማለቱን አንባቢ ልብ ይበልልኝ። ስለ ጉዳዩ በራሱ አንደበት በአደባባይ ከተናገራቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ ማስረጃውም እንዳለው መጣ።

የመጣው ከግላስጎው ነው። ጠበቆቹ ወደ ትውልድ ከተማው ሲልኩ ያገኙት ታሪክ እንዲህ ነው። ማክናተን ከጋብቻ ውጭ የተወለደ፣ እናቱ ስትሞት አባቱ ዘንድ ያደገ ልጅ ነበር። የአባቱን ሙያ ተማረ፤ አባትየው የሥራ ሸሪክ ሊያደርጉት ባለመፈለጋቸው ጥቂት ዓመት በቲያትር ተዋናይነት ተንከራተተ፤ በ1835 ተመልሶ የራሱን የእንጨት ሥራ ቤት ከፈተ። አምስት ዓመት ሠራ። መጠጥ አይወድም፤ ገንዘብ አያባክንም፤ ፈረንሳይኛ በራሱ ጥረት ተምሯል፤ ሠራተኞች ማታ ማታ ወደሚማሩበት ተቋም እየሄደ ትምህርት ይከታተላል። በ1840 መጨረሻ ሥራውን ዘጋ።

ከዚያ በኋላ በየቢሮው የሚዞር ባለጉዳይ ሆነ። የግላስጎው ፖሊስ ኮሚሽነር ሂዩ ዊልሰን ዘንድ ሄደ። የሚያሳድዱኝ የካቶሊክ ቄሶች ናቸው፤ ኢየሱሳውያንም ያግዟቸዋል አላቸው። ሌላ ጊዜ ሲመጣ ቶሪዎች ተጨምረዋል። የከተማው ከንቲባ ዘንድ ገባ። የምክር ቤት አባሉ ለአሌክሳንደር ጆንስተን ጻፈ፤ እሳቸውም ምንም ላደርግልህ አልችልም፣ አእምሮህ ታውኮ እንዳይሆን እፈራለሁ ብለው መለሱለት። የወረዳ ዳኛውንም አልተወም፤ ቄስም አማከረ። ደጅ ጠና እንጂ በማንም ላይ እጁን አላነሳም።

አባቱ ፍርድ ቤት ቀርበው የሰጡት ምስክርነት ዛሬም ሲነበብ ሆድ ያባባል። ማነው የሚከተልህ ሲሉት ሰዎቹ አይናገሩም ይላቸዋል። ሲያያቸው ይስቁበታል፤ ጡጫቸውን ይነቀንቁበታል፤ ዱላ የያዙት ዱላቸውን። አንደኛው ደግሞ ገለባ ይወረውርበታል። ገለባው ምን ማለት ነው ለሚለውም ፍቺ ነበረው፤ ደኽይተህ ገለባ ላይ የምትተኛ ለማኝ እናደርግሃለን ማለታቸው ነው። እነሱን ሸሽቶ ወደ ፈረንሳይ ተሻገረ። ቡሎኝ ወደብ ላይ እግሩ መሬት እንደነካ ከጉምሩኩ የዘብ ቤት ጀርባ አንዱ ሰላይ አንገቱን ብቅ አድርጎ አየው። ምን ቀረኝ ብሎ ተመለሰ።

አከራዩ የነበረችው ሴት ደግሞ ሌሊት ሲያቃስት ትሰማለች። ሽጉጦቹን ስታይ ለምንህ ነው ብትለው ወፍ ልመታበት ነው አላት። ሽጉጦቹን የገዛው ከግድያው ስድስት ወር ያህል ቀደም ብሎ ነው።

እንግዲህ የከተማው ፖሊስ ኮሚሽነር፣ ከንቲባው፣ የምክር ቤት አባሉ፣ ዳኛው፣ ቄሱ፣ አባቱ፣ አከራዩ ሰውዬው ታሞ እንደነበር አይተዋል። ብዙዎቹም ነግረውታል። እኔ ይህን መዝገብ ሳነብ ከተኩሱ ይልቅ የሚያስቆጨኝ ይኸው የአንድ ዓመት ተኩል የደጅ ጥናት ነው። ለበሽታው በር የከፈተለት በከተማው ውስጥ አልተገኘም፤ አቤቱታ የሚቀበል ግን ሞልቶ ነበር። ወደ ሐኪም የላከው ግድያው ነው።

ችሎቱ ማርች 3 ቀን 1843 በለንደን ኦልድ ቤይሊ ተሰየመ። በመሀል የተቀመጡት ዋና ዳኛ ቲንዳል ናቸው፤ ሌሎች ሁለት ዳኞች ከጎናቸው አሉ፤ ፍርዱን የሚሰጡት ግን ከሕዝብ የተውጣጡት አሥራ ሁለት ሰዎች፣ ጁሪ የሚባሉት ናቸው። ከመንግሥት ወገን ሰር ዊልያም ፎሌት ቆሙ። የበላያቸው የሆኑት ዋናው ዐቃቤ ሕግ በዚያው ሰሞን ላንካስተር ከተማ የቻርቲስቶችን መሪዎች ለመክሰስ ሄደዋል። ተከላካይ ጠበቃው አሌክሳንደር ኮክበርን ነው፤ ኋላ የእንግሊዝ ጠቅላይ ዳኛ የሚሆነው።

የፎሌት ክስ ቀላልና ጠንካራ ነበር። ይህ ሰው ሒሳቡን የሚያውቅ ነጋዴ ነው፤ ባንክ ገንዘብ ያስቀምጣል፤ ኪራይ ይከፍላል፤ ሽጉጥ ገዝቶ፣ ቀን ቆጥሮ፣ ቦታ መርጦ ጠብቋል። ስለ ቶሪዎች የሚያስበው የተሳሳተ ሊሆን ይችላል። መግደል ወንጀል መሆኑን ግን ያውቃል፤ ካወቀ ይጠየቃል። በዚያ ዘመን መጠየቅ ማለት ገመድ ነው። ለነፍስ ግድያ ሌላ ቅጣት አልነበረም።

ኮክበርን የመረጠው መንገድ አዲስ ነበር። በእጁ አንድ መጽሐፍ ይዟል፤ ደራሲው አይዛክ ሬይ የሚባል ሜይን በምትባለው የአሜሪካ ጠረፍ ግዛት የሚኖር፣ መጽሐፉ በ1838 ሲታተም ገና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ የነበረ የገጠር ሐኪም። ሬይ የሚለው፣ ፍርድ ቤቶች የሚያውቁት እብድ በሕይወት የሌለ እብድ ነው። ሙሉ በሙሉ የጠፋበትን ብቻ ይፈልጋሉ። እውነተኛው ሕመምተኛ ግን ዋጋ ተከራክሮ ዕቃ ይገዛል፣ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ልጁን ይስማል፤ አንድ ቦታ ላይ ግን አእምሮው ተሰብሯል፤ በዚያ ስንጥቅ የገባ የሐሰት እምነት ቀሪውን ማንነቱን እየነዳ ይወስደዋል። ኮክበርን ይህን ለጁሪው ለሰዓታት ተረተረላቸው።

ከዚያ ሐኪሞቹ ተራ በተራ መጡ። በመጀመሪያ የቀረቡት ዶክተር ሞንሮ ቤተልሔም በሚባለው በለንደኑ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል የሚሠሩ ናቸው። ማክናተንን እስር ቤት ሄደው አነጋግረውታል። ያንን ሰው ለምን ተኮስክበት ሲሉት የነገራቸውን ለችሎቱ ደገሙት። ሰውዬውን ባየሁ ጊዜ ለወራትና ለዓመታት የተሠቃየሁት ሥቃይ ሁሉ በአንድ አፍታ ተነሳብኝ፤ እሱን ብገድል ሰላም የማገኝ መሰለኝ፣ ነው ያላቸው። እዚህ ላይ ፒል የለም፤ ፓርቲ የለም። ማክናተን የተኮሰው በጤነኛ ዓይን በማይታይ ሰው ላይ ነው፤ ድራመንድ በዚያ ሰው ቦታ ቆመው ተገኙ።

ሌሎቹም ሐኪሞች ይህንኑ አጸኑ። መጨረሻ ላይ የቀረቡት ዶክተር ፎርብስ ዊንዝሎ ደግሞ እስረኛውን አነጋግረውት አያውቁም። ችሎት ውስጥ ተቀምጠው ምስክሮቹን ሲሰሙ ዋሉ፤ ከሰማሁት ተነስቼ ይህ ሰው አእምሮው ታሟል አሉ። ዛሬ እንዲህ ያለ የባለሙያ ምስክርነት ብዙ ጥያቄ ያስነሳል፤ ሊያስነሳም ይገባዋል። ያን ቀን ግን ተቀባይነት አገኘ። ዋና ዳኛው ቲንዳል ችሎቱን አቁመው ወደ ፎሌት ዞሩና ይህን የሚያፈርስ ሐኪም አላችሁ ወይ አሏቸው። መንግሥትም በበኩሉ ሁለት ሐኪሞች ልኮ ማክናተንን አስመርምሯል። ሁለቱንም ምስክር አድርጎ አልጠራቸውም። ለምን እንዳልጠራቸው መገመት አያዳግትም። ፎሌት የለንም አሉ፤ ክሱንም አጥብቀው አልገፉም። ጁሪው ከአዳራሹ ሳይወጣ ፈረደ፤ በአእምሮ ሕመም ምክንያት ጥፋተኛ አይደለም።

በዚያው በለንደን፣ በዚያው በኦልድ ቤይሊ፣ ከ31 ዓመት በፊት ሌላ ሰው ቆሞ ነበር። ጆን ቤሊንግሃም እሱም ለዓመታት አቤቱታ ይዞ በየመሥሪያ ቤቱ የዞረ ሰው ነው፤ በመጨረሻ ፓርላማ ገብቶ ጠቅላይ ሚኒስትር ስፔንሰር ፐርሲቫልን ገደለ። ጠበቃው፣ ስለ ጤናው የሚመሰክሩ ሰዎች እስኪመጡ ቀጠሮ ይሰጠን ብሎ ለመነ። አልተሰጠውም። ፐርሲቫል በሜይ 11 ቀን 1812 ተገደሉ፤ ቤሊንግሃም በሜይ 18 ተሰቀለ። ሳምንት ነው። ደግሞ ከዚያ ቀድሞ፣ በ1800፣ ጄምስ ሃድፊልድ የተባለ በጦር ሜዳ ጭንቅላቱን በሰይፍ የተቆራረጠ ወታደር ቲያትር ቤት ውስጥ በንጉሥ ጆርጅ 3ኛ ላይ ተኩሶ ስቷል፤ እሱ ግን በአእምሮ ሕመም ነጻ ወጣ። ፓርላማው በጥቂት ሳምንት ውስጥ እንዲህ ያሉ ሰዎች በማቆያ እንዲቀመጡ አዲስ ሕግ አወጣ። ማክናተን ወደ ቤቱ ያልሄደው በዚያ ሕግ ነው። ከችሎቱ በኋላ ቤተልሔም ገባ።

በከተማው ግን ወሬው ነጻ ወጣ የሚል ነው። ቁጣው ተነሳ። ከሁሉ የከፋው የንግሥት ቪክቶሪያ ቁጣ ነበር፤ ምክንያትም ነበራቸው። በ1840 ኤድዋርድ ኦክስፎርድ የሚባል ልጅ በሠረገላ ሲሄዱ ተኩሶባቸው በዚሁ በአእምሮ ሕመም ምክንያት ከቅጣት ተርፏል። ለፒል በጻፉት ደብዳቤ፣ ሁለቱም የሚሠሩትን አሳምረው እንደሚያውቁ ሰው ሁሉ እያመነ ሕጉ ለምን ጉዳዩ በመጣ ቁጥር ፋይዳ ያጣል ብለው ጠየቁ። የሎርዶች ምክር ቤት ነገሩን አነሳው። የአገሪቱን ዳኞች ሰብስቦ አምስት ጥያቄ አቀረበላቸው። እንዲህ ያለው ነገር የተለመደ አይደለም፤ በፊታቸው ክርክር የለም፣ ተከሳሽ የለም፣ ምስክር የለም። ከዳኞቹ አንዱ፣ ማውል፣ ይህንኑ እያነሱ አጉረመረሙ፤ መልሳቸውንም ለብቻቸው ሰጡ።

ጁን 19 ቀን 1843 የሌሎቹ የአሥራ አራቱ መልስ ተነበበ። አንባቢው ማን ነው? ያው ቲንዳል። ከሦስት ወር ተኩል በፊት ሐኪሞቹን ሰምተው ችሎቱን ያቆሙት ቲንዳል።

መልሱ የማክናተን ሕግ ተብሎ እስከዛሬ ይጠቀሳል። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፤ ሰው ሁሉ ጤነኛ ነው ተብሎ ይገመታል። ከኃላፊነት ለማምለጥ ድርጊቱን በፈጸመበት ሰዓት ከአእምሮ በሽታ በመጣ የማሰብ ጉድለት የተነሳ የሚያደርገው ምን እንደሆነ አለማወቁ፣ ወይም ቢያውቅም ስሕተት መሆኑን አለማወቁ በግልጽ መረጋገጥ አለበት። ስለ ሐሰት እምነት ደግሞ እንዲህ አሉ፤ የታመመው ሰው ያመነው ነገር እውነት ነው ብለን እንውሰድ። ሰውዬው አሁን ሊገድለኝ ነው ብሎ አምኖ ራሱን ለመከላከል ከገደለ ይማራል። ስሜን አጠፋ፣ ሀብቴን አወደመ ብሎ አምኖ ሊበቀል ከገደለ ግን ይቀጣል። እብድም ሆኖ እንደ ጤነኛ ሕግ ያክብር ማለት ነው።

አሁን ማክናተንን በዚህ ሚዛን እናስቀምጠው። ሽጉጥ መተኮሱን ያውቃል። ጥይት እንደሚገድል ያውቃል። ሽጉጦቹን ለምን እንደያዘ ለአከራዩ ዋሽቷል፤ የሚዋሽ ሰው ነገሩ እንደማይፈቀድ ያውቃል። ያመነው ሁሉ እውነት ቢሆን እንኳ ጀርባውን ሰጥቶ የሚሄድ ሰው በዚያች ደቂቃ ሊገድለው አልነበረም። ለእኔ መልሱ ግልጽ ነው፤ በስሙ የተጠራው ሕግ ቢቀድመው ኖሮ ማክናተን ይሰቀል ነበር። ሕጉ የእሱን ጉዳይ አልደነገገም፤ የእሱ ጉዳይ ሁለተኛ እንዳይደገም ነው የደነገገው።

ከሕጉ የቀረው ነገር ምን እንደሆነ ሐኪሞቹ በችሎቱ ላይ ተናግረውታል፤ ራስን መግዛት። ሰው እያወቀ ራሱን መግታት ሊያቅተው ይችላል። ሞንሮ የደገሙት የማክናተን ቃል ስለ ማወቅ አይደለም፤ የዓመታት ሥቃይ በአንድ ጊዜ ተነሳብኝ ነው ያለው። ዳኞቹ ይህን አንድ ቃል አልነኩትም። የፈሩትን መገመት ይቻላል፤ ራሴን መግዛት አቃተኝ የማይል ገዳይ የለም፣ ያቃተውን ካልፈለገው የሚለይ ሚዛንም አልተሠራም። ሥጋቱ ተገቢ ነበር። ዋጋውን የከፈሉት ግን ሌሎች ናቸው።

አይዛክ ሬይ ይህን ሲሰማ ምን ተሰማው ይሆን? መጽሐፉ ባሕር ተሻግሮ የአንድ ሰው ሕይወት አትርፏል። የገዛ አገሩ ፍርድ ቤቶች ግን ከመጽሐፉ ይልቅ የእንግሊዞቹን ሕግ ወረሱ፤ ማሳቹሴትስ በዓመቱ፣ በ1844፣ ተቀበለችው። ሬይን የሰማው የትንሿ የኒው ሃምፕሻየር ዳኛ ቻርልስ ዶ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። እየቆየ ግን አሜሪካ ላይ ራስን መግዛት የሚለው ሐሳብ ቦታ እያገኘ መጣ። ከዚያ ማርች 30 ቀን 1981 ጆን ሂንክሊ በፕሬዚዳንት ሬገን ላይ ተኮሰ፤ በማግሥቱ ዓመት ጁሪ በአእምሮ ሕመም ነጻ አለው፤ አገር ተቆጣ፤ በ1984 ኮንግረስ የፌደራሉን ሕግ አጠበበው። ራስን መግዛት አለመቻል ተፋቀ፤ ጤነኛ አልነበርኩም ብሎ የማስረዳቱ ሸክምም በተከሳሹ ላይ ወደቀ። የ1843 ታሪክ ሰዎቹ ብቻ ተቀይረው ተደገመ። ካንሳስ ይባስ ብላ መከላከያውን ከሞላ ጎደል አስወገደችው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2020 አጸደቀላት። የሃድፊልድም፣ የማክናተንም፣ የሂንክሊም ጥይት የተተኮሰው በትልቅ ሰው ላይ ወይም በትልቅ ሰው ስም ነው። ወንድሙን ወይም ጎረቤቱን የገደለ ሕመምተኛ ምክር ቤት አያስሰበስብም፤ ለትልቅ ሰው ሲባል በቁጣ በወጣ ሕግ ግን ይዳኛል።

የእኛ የኢትዮጵያውያን ሕግ በሌላ በር ነው የገባው። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችንን ያረቀቁት የስዊዘርላንዱ ሊቅ ዣን ግራቨን ናቸው፤ የአውሮፓን አህጉር ወግ ይዘው መጡ። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 48ም ያንኑ መስመር ይከተላል። ጥያቄው ሁለት ነው፤ ሰውዬው በሕመም ወይም በተመሳሳይ ምክንያት የሚያደርገውን ነገር ምንነት ወይም ውጤት መረዳት ችሎ ነበር ወይ? ቢረዳስ በዚያ መረዳት ራሱን መምራት ይችል ነበር ወይ? ሁለተኛው ጥያቄ እንግሊዞቹ የዘለሉት ነው። አንቀጽ 49 ደግሞ ሙሉ በሙሉ ያልጠፋበትን፣ በከፊል ብቻ ኃላፊ የሆነውን ሰው ቅጣቱ እንዲቀልለት ይፈቅዳል። እንግሊዝ ይህን መካከለኛ መንገድ ለነፍስ ግድያ በሕግ የጻፈችው በ1957 ነው፤ በአጋጣሚ የእኛም የ1949 ዓ.ም. ሕግ የታወጀበት ዓመት ነው።

አንቀጽ 51 ላይ ስደርስ የዊንዝሎ ነገር ትዝ ይለኛል። ጥርጣሬ ሲኖር ፍርድ ቤቱ ባለሙያ ያስመረምራል፤ ዳኛው የሚታሰረው ግን በተረጋገጠው የሳይንስ ግኝት ብቻ ነው። ይህ ሰው ኃላፊ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ሐኪሙ አይወስንለትም። በ1843 ሐኪሞቹ ተናገሩ፣ ክሱም በዚያው ቆመ፤ በእኛ ሕግ ሐኪሙ ስለ ሕመሙ ይናገራል፣ ስለ ኃላፊነቱ ዳኛው ይመልሳል። አዲስ አበባ ላይ ፍርድ ቤት ተከሳሽን ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ሲልክ ከባድ ሥራ የሚጠብቀው ለሁለቱም ነው፤ የሚመረመረው የዛሬው ሰው ነው፣ የሚፈለገው ግን ድርጊቱ በተፈጸመበት ሰዓት የነበረው ሰው።

የማክናተን ጉዳይ አንድ ያልተዘጋ ቀዳዳ አለው፤ የ750 ፓውንዱ ደረሰኝ። በ1981 ሪቻርድ ሞራን የሚባል አሜሪካዊ ምሁር ስለ ጉዳዩ መጽሐፍ አሳትሞ፣ አንድ እንጨት ሠሪ ይህን ያህል ገንዘብ ከየት አመጣ ብሎ ጠየቀ። ምናልባት እብድ አልነበረም ይላል። በዘመኑ ፖለቲካ ውስጥ የነበረ፣ ቶሪዎች በእውነትም የሚከታተሉት፣ ተከፍሎት የተኮሰ ሰው ይሆን? ጥያቄው እንቅልፍ ይነሳል። በ1840ዎቹ ግላስጎው ውስጥ የመንግሥት ሰላዮች በሠራተኞች መካከል መኖራቸው ቅዠት አልነበረም፤ ማክናተንም ከቻርቲስቶች ጋር ይተዋወቅ ነበር። እኔን ግን አላሳመነኝም። ለፖሊስ ኮሚሽነሩ መጀመሪያ የነገራቸው ስለ ቶሪ ሳይሆን ስለ ቄሶችና ስለ ኢየሱሳውያን ነው። አሳዳጆቹ ይለዋወጣሉ፤ ማሳደዱ ብቻ አይለወጥም። ተከፍሎት የሚገድል ሰውም ከግድያው ቀድሞ ከንቲባና ፖሊስ ዘንድ ሄዶ ስሙን አያስመዘግብም። ገንዘቡ ግን ከየት እንደመጣ እኔም አልመለስኩም።

እብድ ነበርክ ወይ ተብሎ እሱ ራሱ ቢጠየቅ ኖሮስ? ተጠይቋል። ቤተልሔም ውስጥ ሃያ አንድ ዓመት ኖረ። የሐኪሞቹ ማስታወሻ ዝምተኛ፣ ከሰው የራቀ፣ ስለ ወንጀሉም የማይናገር ይለዋል፤ አንድ ጊዜ ምግብ እምቢ ብሎ በግድ አብልተውታል። በ1864 ብሮድሙር ወደሚባለው አዲስ የተከፈተ ሆስፒታል ተዛወረ። ሃምሳ ዓመት ሆኖታል፤ ከዓመት በኋላ በሜይ 1865 እዚያው ይሞታል። ሲቀበሉት አንዱ ሐኪም፣ ያን ጊዜ አእምሮህ ታሞ እንደነበር አሁን ታምናለህ ወይ ብሎ ጠየቀው። የሰጠው መልስ በመዝገቡ ላይ ሰፍሯል፤ «ፍርዱ እንደዚያ ነበር። ጁሪው ማስረጃውን ሰምቶ የደረሰበት አስተያየት ነው።»